የሌለ ገበያ ቀረጥ

ጋርላንድ፣ ቴክሳስ
ኅዳር 12 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለነጋሽ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጠው። ጤናዬን ጠይቀሃል፤ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ግን በዚህ ኤርፖርት ጉልበቱን የማያመው ዊልቼር ገፊ የለም። አንተ በላክኸው ፎቶ ላይ ወፍረሃል። የስደተኛ ካምፕ ምግብ እንደሚያወፍር ያወቅሁት ባንተ ነው።

ፖስታህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። ለምን ዘገየች እያልክ በሰው በሰው ስታስጠይቅ ሰንብተሃል። የዘገየሁት ስለናቅሁህ ነው ብል ግማሹን መናገሬ ነው። ሌላውን ግማሽ ደግሞ እስከ መጨረሻው ካነበብከው ታገኘዋለህ።

መጀመሪያ ስለ ጉብኝትህ የጻፍከውን ላንሣ። ለሥልጠና ተብሎ ሰው በከፈለልህ ቲኬት ጀርመን ሄደህ፣ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸውን አስጎበኙህ። ቀይ ካባ የለበሱ ዳኞች የመንግሥትን በጀት ሳይቀር ይመረምራሉ ብለህ በአድናቆት ጽፈህልኛል። አስጎብኚያችሁ የተናገረውንም ጠቅሰህልኛል፤ ግምት ተገምቶ ቢሳሳት ስህተት ነው፣ እንደማይሆን እየታወቀ የተጻፈ ግምት ግን ውሸት ነው። «የሺ፣ ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ» ትላለህ። መምጣቱስ ይምጣ። የገረመኝ ይህን ለመስማት አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር መብረር ማስፈለጉ ነው። እኔ እዚያው ሳሎናችን ውስጥ ሸሚዝህን እየተኮስኩልህ በነጻ ነግሬህ ነበር።

ከጉብኝቱ ስትወጣ ሆቴልህ አልተመለስክም፤ እዚያው ጥገኝነት ጠየቅክ። ባለፈው ዓመት በግምገማ ከወንበርህ ስላነሡህ እንደፈራህ ይገባኛል። ፍርሃት ነውር አይደለም። ነውሩ ከዚያ በኋላ የጻፍከው ነው። እንድፈርመው የላክኸው የምስክርነት ቃል ስድስት ገጽ ነው፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ሦስተኛው ገጽ ላይ እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «ባለቤቴ አቶ ነጋሽ የወረዳው በጀት ሐሰተኛ በመሆኑ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚል የውሳኔ ሐሳብ በድፍረት በማቅረባቸው ለከባድ ጫና ተዳርገዋል፤ እኔም በእርሳቸው አቋም ምክንያት ከሥራዬ ተባርሬአለሁ።»

«በእርሳቸው አቋም ምክንያት» የምትለዋ እውነት ናት። ከስድስቱ ገጽ እሷን ብቻ ነው ያገኘሁት።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። አንተ ደግሞ ቁርበቱን እኔ እንዳነጥፍልህ ነው የላክኸው። እዚህ ዳላስም እንዳንተ ያሉ ሞልተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱ ምግብ ቤት ተሰብስበው ጥብስ ያዝዛሉ፤ ሁሉም ታግሎ የወጣ ነው። ሦስት ዓመት ስሰማቸው፣ «ፈርሜ ነው የወጣሁት» ያለ አንድ ሰው አልገጠመኝም።

የሆነውን የረሳኸው ስለመሰለኝ ከሥሩ እጽፍልሃለሁ። ይህ ደብዳቤ አስተርጓሚህ እጅ ቢገባም አልጠላም።

የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የበጀት ባለሙያ ነበርኩ። ረቂቁን በየዓመቱ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። አስፋልቱ በጎረቤት ወረዳ በኩል ሲያልፍ የከብት ገበያችንም ተከትሎት ሄደ። ሜዳው ላይ አንዲት ፍየል የሚያቆም ጠፋ። ከወረቀቱ ላይ ግን የከብት ገበያ ቀረጥ የሚለው የገቢ ርዕስ አልተነሣም። አስተዳዳሪው «ገበያው ይመለሳል ብለን እንገምታለን» አለ፤ እኔም ገመትኩ። ገቢና ወጪው እኩል ሆኖ እንዲታይ ከሌለ ገበያ ቀረጥ ይሰበሰባል ብለን ጻፍን፤ በዚያ ቀረጥ ደግሞ ለቆላው ቀበሌ የውሃ ፓምፕ ነዳጅና ጥገና መደብን። ምክር ቤቱ እጁን አውጥቶ አጸደቀ። ገንዘቡ አልመጣም። ፓምፑ ቆመ፤ ሴቶቹም ወደ ወንዝ ተመለሱ። በሁለተኛውም ዓመት እንደዚያው። ሁሉንም፣ ሦስተኛውንም ጭምር፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በእጄ። አንተ ባዘጋጀህልኝ ምስክርነት ላይ ይህ የለም። ንጹሕ ሚስት ለጥገኝነት ኬዝህ ስለምትጠቅም አጥበህ አስቀምጠኸኛል።

በሦስተኛው ዓመት፣ ረቂቁ ምክር ቤት ቀርቦ በጸደቀ በሳምንቱ፣ ጋሽ እንግዳ ቢሮዬ መጡ። የዚያ ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ምክር ቤት ሲነበብ ለፓምፓችሁ ነዳጅ ተመድቧል ይላል። ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ ስሰማ። የት ነው ያለው?»

«ገቢው ስላልተሰበሰበ ነው፣ ጋሼ።»

«ከየት ነበር የሚሰበሰበው?»

«ከከብት ገበያው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ከየትኛው የከብት ገበያ?»

ቢቆጡኝ መልስ አላጣም ነበር፤ እሳቸው ግን ለማወቅ ነው የጠየቁኝ። በማግስቱ የሦስቱንም ዓመት በጀት ኮፒ አድርጌ ሰጠኋቸው።

ማመልከቻውን የጻፈላቸው ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ነው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ አሥራ ሁለት ጠቀሰላቸው፤ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፣ የሌለ ገበያ የተጻፈበት በጀት ደግሞ ግልጽ አይደለም አለ። በቃ፤ አንድ ገጽ ተኩል። አንተ ከምትሠራበት ጉባኤ ባለሙያዎች ሁሉ ሕገ መንግሥቱ የገባው ያ ጃንጥላ ሥር ያለው ሰው ነበር። ማመልከቻው ሕገ መንግሥት ወደሚተረጉመው ጉባኤያችሁ ሄደ፤ ዞሮ ዞሮ የሕግ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ጠረጴዛው ያንተ ነበር።

ያቺን እሑድ አልረሳትም። ወረቀቱን ይዘህ ሳሎን ገባህ።

«ይህ ኮፒ ከማን እጅ ነው የወጣው?» አልከኝ።

«ከእኔ።»

ተቀመጥክ። ካውያውን አስቀምጬ ጠበቅሁህ።

«ጉዳዩን ሌላ ሰው ይየው በላቸው» አልኩህ። «ባለቤቴ ያለችበት ነው በል።»

«ስምሽ ይነሣል።»

«ይነሣ።»

«የሕግ ነገር አይገባሽም የሺ። በጀት ግምት ነው። ግምት ደግሞ እውነትም ሐሰትም አይባልም።»

«ገበያው እኮ የለም ነጋሽ። ሄደህ እየው። ሜዳ ነው።»

«ሜዳ ማየት የእኛ ሥልጣን አይደለም» አልከኝ።

ነጋሽ፣ ሃያ ዓመት በትዳር ስንኖር ብዙ ነገር ብለኸኛል፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ይህቺን ግን ዊልቼር እየገፋሁ ከጌት ጌት ስመላለስ፣ ያለ ምክንያት ትመጣብኛለች።

የውሳኔ ሐሳብህ አራት ገጽ ሆነ። በጀት ግምት በመሆኑ የሕገ መንግሥት ትርጉም አያስነሣም አልክ፤ ጉባኤውም እንዳለ ተቀበለው። መጨረሻው ላይ ማንም ያልጠየቀህን አንድ አንቀጽ ጨመርክ፦ ሰነዱ ከአሠራር ውጭ የወጣ ስለመሰለ የሚመለከተው አካል አጣርቶ እርምጃ ይውሰድ። ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቆሜ ሲነበብልኝ ማን እንደጻፈው ሳይነግሩኝ አወቅሁት። «ስለመሰለ» የምትል ቃል ካንተ ብዕር ጠፍታ አታውቅም። ቤት ገብቼ ስጠይቅህ፣ «ስምሽን አልጻፍኩም እኮ» አልከኝ። በወረዳው ያንን ሰነድ የምትይዝ ባለሙያ አንዲት ብቻ እያለች፣ ስሟን አለመጻፍህን ውለታ አደረግኸው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ። የእኔው ጅቡን መንገድ መርቶ አመጣው።

የ98 ክረምት አተት ገባ። ከዚያች ቀበሌ አሥራ አንድ ሰው ተቀበረ፤ አንዷ የጋሽ እንግዳ ባለቤት ነበሩ። በጥቅምት አንተ የጉባኤው ጽሕፈት ቤት ምክትል ኃላፊ ሆንክ። የሞላሁት የሎተሪ ቪዛ በጥር እጄ ገባ። አብረን እንሂድ ብልህ፣ «አሁን? ገና ወንበሩ ሳይሞቅልኝ?» አልክ። ሄድኩ። ወንበሩ ሲሞቅልህ ነው መሰለኝ ያነሡህ።

እንግዲህ ስድስት ገጹ ሲደርሰኝ ይህን ሁሉ ይዤ ነው ያነበብኩት። አብራኝ የምትኖረው ከበቡሽ አንብባ ነበር፤ የሥራ ባልደረባዬም ናት፣ እዚህ አገር አሥር ዓመት ኖራለች። ነገሩ ለእሷ ቀላል ነው።

«ኦኬ፣ ሶ ምን ችግር አለው?» አለችኝ። «ሳይን አድርጊለትና ሙቭ ኦን አድርጊ። ኬዝ እኮ ኬዝ ነው። እውነተኛ ኬዙን ይዞ የገባ ማን አለ?»

«እኔ የገባሁት በሎተሪ ነው።»

«አንቺማ ዕድለኛ ነሽ። እሱን ቢመልሱትስ? ማለቴ፣ ኤርፖርት ላይ ቢይዙትስ?»

በሰው ፊት ሲገፉህ፣ ሻንጣህን ሲበትኑት ታየኝ። ማክሰኞ ሁለታችንም ኦፍ ነበርን፤ በእሷ መኪና ሄድን። ሰፈራችን አንዲት ሱቅ አለች፤ ታክስ ትሠራለች፣ ገንዘብ ትልካለች፣ ሰነድ የምታረጋግጥ ኖታሪም ናት። ባለሱቋ ሜክሲኳዊት ናት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች። መታወቂያዬን አየች፤ ስድስቱን ገጽ ቆጠረች፤ ከዚያ ቀኝ እጄን እንዳነሣ ነገረችኝ።

«በዚህ ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ እውነት መሆኑን ትምያለሽ?»

እጄን አነሣሁ። «የስ» የምትለዋን ቃል በቀን መቶ ጊዜ ለተሳፋሪ እላታለሁ። አልወጣችም። ሴትየዋ ጠበቀችኝ፤ ከኋላዬ ገንዘብ ሊልክ የተሰለፈው ሰውም ጠበቀኝ። በኋላ ማኅተሟን መሳቢያ ውስጥ ከታ፣ ሳትቆጣ፣ «ሌላ ቀን ተመለሺ» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ?» አለችኝ ከበቡሽ መኪና ውስጥ።

«እጄ ዛለብኝ» አልኳት።

ልፈርምልህ መሄዴን ደብቄህ ብቀር ደስ ባለኝ። ልቧ ገና ነው ብለህ እንዳትመካ፤ ከበቡሽ ስላደከመችኝ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራም እንቅልፍም እምቢ አለኝ። በእሳቸው ስም የሚማለውን እሳቸው ይስሙት ብዬ ለጋሽ እንግዳ ደወልኩ። ልጃቸው ህይወት ወረዳው ከተማ ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ ዘንድ ትወርዳለች። እዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ነበር፣ እዚያ አሥር ሰዓት። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው።

«ጋሽ እንግዳ፣ የሺሃረግ ነኝ። የበጀቷ።»

«አወቅሁሽ ልጄ። ድምፅሽ ቀጥኗል። ያበላሉ ወይ እዚያ?»

ስለ ወረቀትህ ነገርኳቸው። ነጋሽ በዚያን ጊዜ ለእናንተ ፈርጄ ነበር እያለ ነው፣ እኔም እንድመሰክር ይፈልጋል አልኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

«ባልሽ እኮ እዚህ መጥቶ ነበር» አሉኝ።

«መቼ?»

«ሚስቴን የቀበርኩ ጊዜ። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠ። ማን እንደሆነ ያወቀ የለም። በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሲቀንስ ጠጋ አለና ያቺን ውሳኔ የጻፍኳት እኔ ነኝ አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ? ቤቴ የመጣ ሰው ነው። ውሃ ስጡት አልኩ። ከከተማ በጀሪካን ያስመጣናት ለእንግዳ የምትሆን ነበረች። እሱ ተነሥቶ እንስራው ዘንድ ሄደና የወንዙን ቀዳ። ሴቶቹ ተው፣ ይገድልሃል አሉት። ቆሞ ጨልጦ ጠጣት።»

የስልክ ካርዱ ሊያልቅ ደቂቃ ሲቆጥር እሰማለሁ። ያን ሰሞን የመስክ ሥራ ነው ብለህ ጠፍተህ፣ ተመልሰህ አንድ ሳምንት ሙሉ ታመህ ተኛህ። ከሥራ ተባርሬ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ነበር። አልጋህ ሥር ባልዲ ያመላለስኩት እኔ ነኝ፤ በአፌም፣ የግብዣ ጥሬ ሥጋ ነው እንዲህ ያደረገው እያልኩ እሰድብህ ነበር። አንተም ሰምተህ ዝም አልክ።

የራሴንም ልናገር ብዬ፣ «ጋሽ እንግዳ፣ የሦስቱንም ዓመት የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ፊርማሽ አለበት እኮ፤ ህይወት አንብባልኛለች።»

«ለምን አልተናገሩኝም?»

«ወረቀቱን ያመጣሽልን አንቺው አይደለሽ?» አሉኝ።

ይኸውልህ ሌላው ግማሽ። ልታለቅስ ከሆነ ጨርሰህ አልቅስ፤ ንቀቴን አላነሣሁልህም። የወንዝ ውሃ መጠጣት ውሳኔ አይሽርም። አሥራ አንዱ ሰው አንተ ስለታመምክ አልተነሡም። ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ ለአንድ ሽማግሌ በጆሮ የተናገርከውን ጉባኤው ፊት ቆመህ ብትናገረው ኖሮ፣ ቢያንስ በሚቀጥለው ዓመት ያቺ ገበያ ከበጀቱ ላይ ትነሣ ነበር። አልተናገርክም፤ ምክትል ኃላፊ ሆንክ።

ግን አንድ ነገር ሳብሰለስል ሰነበትኩ። ጀግና ለመባል ስድስት ገጽ ሙሉ ያልሠራኸውን ስትደረድር፣ የሠራኸውን አንዲት ነገር ለምን ተውካት? ለእኔስ ለምን ሦስት ዓመት ደበቅኸኝ? መልሱን ያገኘሁት ይመስለኛል። ውሃውን ለምን እንደጠጣህ ለመንገር መጀመሪያ ምን እንደጻፍክ መንገር አለብህ። እሱን ደግሞ አትችልም። እንኳን ለጀርመን ለሚስትህም አልቻልክም።

ስለዚህ እኔ ጻፍኩልህ። ሁለት ገጽ ነው። ሦስት ዓመት የሌለ ገበያ ቀረጥ የጻፍኩት እኔ መሆኔን፣ ጉዳዩን ውድቅ ያደረገውን የውሳኔ ሐሳብ አንተ እንደጻፍከው፣ እኔ በእሱ እንደተባረርኩ፣ በዚያ ክረምት የሆነውን፣ ለቅሶ ቤት ሄደህ ለባለጉዳዩ በአፍህ መናዘዝህን፣ ዛሬም ብትመለስ እንደምትፈራ፣ ፍርሃትህም የእውነት መሆኑን። ጋሽ እንግዳም ይጻፉት ብለዋል። ከበቡሽ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰችልኝ፣ «ይሄ እኮ ኬዙን ይገድለዋል» ትለኝ ነበር። ትናንት ከሥራ በፊት ሱቋ ሄድን። ሴትየዋ አስታወሰችኝ። እጅሽን አንሺ አለችኝ፤ አነሣሁ። ጠየቀችኝ። የስ አልኳት፤ ማኅተሟን መታች።

ሁለቱም ፖስታው ውስጥ አሉ፤ ያንተ ሳይፈረም፣ የእኔ ተፈርሞ። ቀጠሮህ በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው ብለሃል፣ ይደርሳል። የትኛውን እንደምትሰጣቸው አንተ ታውቃለህ። የእኔን ብትሰጥ ላይቀበሉህ ይችላሉ። ከበቡሽ፣ ቢመልሱት ኃጢአቱ ባንቺ ነው ብላኛለች፤ እሸከመዋለሁ። የውሳኔህ ኮፒ ሻንጣዬ ውስጥ አለ፤ ለማንም አልላክሁትም፣ አልልክምም። እሱን መስጠት ያንተ ፈንታ ነው።

ካልተቀበሉህ፣ እዚህ ግሪን ካርድ ያላት ሴት ለባሏ የምትሞላው ፎርም አለ። ወረፋው ብዙ ዓመት ይፈጃል ይላሉ። የሚጠይቁት መጋባታችንንና አለመፋታታችንን ነው፤ ማጋነን አያስፈልገውም። የጠየቅሁት ለወሬ ያህል ነው።

የደም ግፊት መድኃኒትህን አታቋርጥ። ወፍራም ካልሲ ገዝቼ ልኬልሃለሁ፣ ለብቻው ይደርሳል፤ ቅናሽ ላይ ስለነበረ ነው።

ጋሽ እንግዳ ስልኩን ለልጃቸው ከመመለሳቸው በፊት፣ «ያ ባልሽ፣ ያን ጊዜ ሆዱ ዳነለት ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ድኗል አልኳቸው። ካልሆነ ጻፍልኝ፤ እነግራቸዋለሁ።

እግዚአብሔር እውነቱን የምትናገርበት አንደበት ይስጥህ፤ ስትናገርም የሚሰማህ አያሳጣህ። ብርዱንም ያቅልልህ።

ባለቤትህ
የሺሃረግ